ቃል ያልነበረው ካሴት

ስልክህን ከመቀሱ አጠገብ አስቀምጠህ ያንን ነገር ስትከፍተው፣ እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየተኮስኩ ነበር። እርጥብ የቴትሮን ጨርቅ ትኩስ ካውያ ሲነካው የሚሸተው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። መጀመሪያ የመጣው የእንቁራሪት ድምፅ ነው። ቀጥሎ ከሩቅ ደወል። ከዚያ ያ ጊታር ጥርሱን እንዳመመው ሰው ማቃሰት ጀመረ። ካውያውን ማንሳት ረሳሁና የአንዱን ምስኪን ተማሪ ኮሌታ አቃጠልኩበት።

አንተ ደግሞ ፊቴን አይተህ፣ «አዩ ጋሼ! እንዴት እንደሚነካ!» አልከኝ።

ነካኝ። ግን አንተ እንዳሰብከው አይደለም።

ቁጭ በል፣ ያንን በርጩማ ሳብ። ለዚህ ብለህ ከአዲስ አበባ ድረስ ከመጣህ የማውቀውን እነግርሃለሁ። ስለዚያ ጊታሪስት ውዳሴ ልትሰማ ከሆነ ግን ሌላ ደጅ ሞክር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ማንበቡን ግን በተገኘው ጋዜጣ ሁሉ የቀጠልኩ፣ መስፋቱንም የሰው ሱሪ እየፈታሁ መልሼ በመግጠም ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። የተበላሸ ሥራ ሳይ አውቃለሁ። ያ ያሰማኸኝ አልበም የተበላሸ ሥራ ነው። ጨርቁ ጥሩ ነበር፤ ቆራጩ ግን ልብሱን የሚለብስ ሰው መኖሩን የረሳ ነበር።

ካሴቱ እኔ ጋ አለ። ለሱ እንደመጣህ ገና ሰላምታውን ሳትጨርስ ገብቶኛል። «ዋናው ቅጂ» ነው የምትለው። ወስደህ፣ በማሽን አጽድተህ፣ ውጭ አገር ላሉት አድናቂዎቹ እንደ አዲስ ልታወጣላቸው ነው። እዚያ ካሴት ላይ ግን የእኔም ነገር አለበት፤ ሌላ የትም የማይገኝ ነገር። ስለዚህ እሰጥህ ወይም አልሰጥህ እንደሆነ ከመናገሬ በፊት እንዴት እንደተቀዳ ስማ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ብዙ አልቆየም። ታላቅ ወንድሜ ጂዳ ሠርቶ ሲመለስ ሁለት ካሴት የሚጎርስ ትልቅ ቴፕ ተሸክሞ መጣ፤ በአንዱ እያጫወተ በሌላው የሚቀዳ፣ ማይክሮፎን የሚሰካበት። በዚያን ጊዜ እዚህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ቴፕ ያለው ሰው ከሹም ይበልጥ ይከበር ነበር። ወንድሜ ተመልሶ ጂዳ ሲሄድ ቴፑንና አንድ ካርቶን ባዶ ካሴት ለእኔ ትቶ፣ «ካንተ ሌላ እጅ እንዳይነካው» አለኝ። እናቴ ዳንቴል አለበሰችው። ሰርግ ያለው፣ መንዙማ ማስቀዳት የፈለገ፣ ሁሉም የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር።

ጊታሪስቱም በዚሁ ሰበብ መጣ።

የሐይቅ ልጅ ነው፤ ይህን አልክድም። እናቱ ከገበያው በላይ ጠላ ትሸጥ ነበር። ገና በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ ጊታር ተማረ፣ የአንድ የምሽት ክበብ ባንድ ውስጥ ተቀጠረ፣ ከዚያ ባንዱ ፈረሰ። ለምን እንደፈረሰ ሲጠየቅ «ጠበቡኝ» ይል ነበር። እኔ ሲጠብበው ያየሁት ሱሪው ብቻ ነው። እሱኑ ሱሪ ይበልጥ እንዳጠብብለት ይዞ በረንዳዬ ላይ ቆመና ዓይኑ ቴፑ ላይ አረፈ።

«ይሄ ይቀዳል?»

«ይቀዳል።»

«ማለቴ የውጭ ድምፅ?»

«ስንት ሰርግ ቀድቼበታለሁ።»

«ሰርግ!» ብሎ ሳቀ። «እኔ የምቀዳው ሰርግ ላይ የማይዘፈን ነው።»

«ታዲያ የት ነው የሚዘፈነው?»

«የትም» አለኝ። በኩራት ነው ያለው፣ ወላሂ።

የሚሠራው ሙዚቃ ፕሮግሬሲቭ ሮክ እንደሚባልና ትርጉሙም ወደፊት የሚሄድ ሮክ እንደሆነ አስረዳኝ። ወዴት እንደሚሄድ አልነገረኝም። አልበሙ የብቻው ነው፤ ድምፃዊ የለም፣ ከበሮ የለም፣ ግጥም የለም። የካሴቱ አንድ ገጽ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዘፈን። የአምባሰልን ቅኝት ወስዶ ከነሥሩ ነቅሎ ሌላ ቦታ እንደሚተክለው ነገረኝ። አምባሰል ማዶ ተራራው ላይ ተቀምጦ ይሰማው ነበር። ማን ንቀለኝ እንዳለው አላውቅም።

ለምን እሺ እንዳልኩት ከጠየቅከኝ፣ ጎፈሬው አስደንቆኝ ነው። ወጣት ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ ሰው ሁሉ ጎፈሬን ከዕውቀት ይቆጥረዋል፤ አሁንም እንደዚያው ነው፣ የተለወጠው የጸጉሩ አቆራረጥ ነው።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ እንወርድ ነበር። ቴፑን እኔ፣ ጊታሩንና ትንሿን የድምፅ ማጉያ እሱ፣ ለኤሌክትሪኩ የተዋስነውን የጭነት መኪና ባትሪ ደግሞ የጎረቤት አህያ እንሸከማለን። ቦታው ከእስጢፋኖስ ገዳም ትይዩ፣ ደንገሉ ገለል ያለበት ዳርቻ ነው። ፀሐይ ጉሙን ከውኃው ላይ ቀስ እያለች ስትገፈው፣ የጭቃውና የዓሣው ሽታ ከእርጥቡ ሣር ጋር ተደባልቆ ሲመጣ አሁንም ይሸተኛል። ዓሣ አጥማጁ በታንኳው ሲያልፍ ውኃው ወፍራም ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ ያሰማ ነበር። እሱ ብቻውን ይበቃ ነበር። አልበም ከተፈለገ እሱን ቀድቶ መሄድ ይቻል ነበር።

ጊታሪስቱ ግን ሥራ ነበረበት። ጊታሩን በማሲንቆ ደጋን ገዘገዘው። በክሮቹ መሃል የሾርባ ማንኪያ ሰካበት። እርጥብ ድንጋይ አስተኛበት። ማይክሮፎኑን እንስራ ውስጥ ከትቶ ከውጭ በጣቱ አንኳኳ። እኔን ዳር አስቁሞ፣ እሱ ሲቆጥር ጠጠር ወደ ውኃ እንድጥል አዘዘኝ፤ ሰባት ይቆጥራል፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ መልሶ ሰባት። «ምቱ ሰባት ነው» ይለኛል። የሰው ትከሻ ሁለት ነው። ሰባት የሚሆን ትከሻ ያለው ፍጡር የት ተገኝቶ ነው በዚህ የሚጨፍረው?

ሰነፍ ግን አልነበረም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ጣቱ ተሰንጥቆ ደም ክሩን ሲያረጥበው አይቻለሁ። በጨርቅ ጠቅልሎ ይቀጥል ነበር። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሰነፍ ቢሆን ንቄው አልፌ ነበር። ያን ያህል ለፍቶ፣ ለማንም የማይሆን ነገር ሠርቶ፣ «አልገባቸውም» ብሎ መቀመጥ ምን ይሉታል? እኔ አንዱን እጅጌ አስረዝሜ ሌላውን አሳጥሬ ባስረክብህና «ሙከራ ነው» ብልህ ልታልፈኝ ነው?

ችግር የመጣው ከሰው ነው። ለሱ ማለቴ ነው እንጂ ለእኔስ ሰው ችግር ሆኖብኝ አያውቅም።

አንተ የከተማ ልጅ ስለሆንክ ይህን ላስረዳህ። እዚህ አገር ዜማ ያለ ቃል ሲሰማ፣ ተጫዋቹ ግጥም አልቆበት ነው ተብሎ ይታሰባል። አዝማሪ ማሲንቆውን ብቻ እየገዘገዘ ሲቆይ ከተቀመጠው ሰው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ሁለት መስመር ይሰጠዋል። አዝማሪው በዜማው ተቀብሎ ይደግመዋል። ለሰጪውም ለተቀባዩም ክብር ነው። ሰው ቃል አጥቶ እያዩ ዝም ብሎ ማለፍ ነው ነውሩ።

እና ያ ጊታር በየጠዋቱ ከሐይቁ ዳር ቃል አጥቶ ሲያቃስት የሰማ መንገደኛ ሁሉ አዘነለት።

መጀመሪያ የመጡት አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቆም ብለው አዳመጡ፤ ፊታቸው ላይ ርኅራኄ አየሁ። «ተቀበል ልጄ!» አሉና ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ሁለት መስመር ሰጡት። ጊታሪስቱ እጁን ከክሩ ላይ አንስቶ ወደኔ ዞረ። ቴፑን አቆምኩ።

«አያ፣ እባክዎን፣ እየቀዳን ነው» አልኳቸው።

«ቅዱ! እኔ ምን ከለከልኩ? ሰጠሁት እኮ። አይሰማም እንዴ?»

«ቃል አይፈልግም።»

«ቃል የማይፈልግ ዘፈን? አጃኢብ!» ብለው አህያቸውን ሸንቆጥ አደረጉ። አህያዋ አናፋች። ጊታሪስቱ ይህን ጊዜ ተነሥቶ፣ «ክፈተው! ክፈተው!» ብሎ ጮኸብኝ፤ አህያዋን ቀዳ። አልበሙ ውስጥ አለች፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ታገኛታለህ። እንቁራሪቱን ተቀበለ፣ የገዳሙን ደወል ተቀበለ፣ አህያዋን ተቀበለ። ሰው ሲሆን ያስቆማል።

በማግስቱ ዓሣ አጥማጁ ከታንኳው ላይ ሰጠው። ከዚያ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሰጡት። ጊታሪስቱ ጸጉሩን ይዞ ተቀመጠና፣ «እዚህ አገር ሰው ዝም ማለት አይችልም!» አለ። ከዚያ እኔን ሰው ዝም እንዳሰኝለት ላከኝ።

ከደንገሉ ወዲያ ማዶ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ድንጋይ ነበር። ወደዚያ ሄድኩ። አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ልጅ እግሯን ውኃ ውስጥ ከትታ ጋቢ ትጠመዝዝ ነበር።

«እህቶች፣ ትንሽ ዝም በሉልን፤ ዘፈን እየተቀዳ ነው።»

«የቱ ነው ዘፈኑ?» አለች ልጅቷ።

«የሚሰማው።»

«እሱ? እኔ ደግሞ ሰው መኪናው አልነሣ ብሎት መስሎኝ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ እንደ ሹም ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

«ሰውዬው ዲዳ ነው?» አለች።

«ዲዳ አይደለም። አርቲስት ነው።»

«ታዲያ ቃሉን የት ጣለው?»

«ቃል የለውም፣ እንዲሁ ነው የሚጫወተው።»

«ኧረ በአላህ! ቃል ካጣ ለምን አይጠይቅም? እኛ እያለን?»

«አይፈልግም አልኩሽ እኮ!»

«አንተስ ማነህ? ዘበኛው ነህ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ስሙልኝማ!» ብላ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «ልብስ ሰፊው ዛሬ አፍ እንዲሰፋ ተላከ!»

ሳቃቸው እስከ ጊታሪስቱ ድረስ ደረሰ። ጆሮዬ እየነደደ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ግን በየጠዋቱ፣ ገና ማንም ሳይናገር፣ «ሄጄ ዝም ላሰኛቸው?» የምለው እኔው ነበርኩ። ሰው ዝም ለማሰኘት እንደዚያ የሚቸኩል ሰው አይተህ አታውቅም።

ይቅርታ፣ ስልኬ ነው... አይ፣ ይቆይ። ዩኒፎርሙን አደረስክልኝ ወይ የሚለኝ ሰው ነው። ይደውል።

የመጨረሻው ጠዋት መጣ። ጊታሪስቱ ካሴት የሚያሳትምልኝ ሰው አዲስ አበባ አገኘሁ ብሎ በማግስቱ በአውቶቡስ ሊሄድ ነው። ከካርቶኑ የቀረው አንድ ካሴት ነው። ባትሪውም እየደከመ ነበር፤ የማጉያዋ መብራት እንደ ሕመምተኛ ዓይን ፈዛለች። ነፋስ አልነበረም። ሐይቁ የተተኮሰ ሐር መስሎ ተኝቷል።

እውነቱን መናገር አለብኝ። ሳልዋሽ ኖሬ በሱ ምክንያት አልዋሽም። ያን ጠዋት ደጋኑን ጣለው፣ ማንኪያውን ነቅሎ ጣለው፣ ድንጋዩን ወረወረው። መቁጠሩንም ተወ። ባዶ ጊታር ይዞ አምባሰልን መጫወት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ አንዱን ድምፅ ከሌላው እያራቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ አምባሰል አምባሰልን መሰለ። የእጄ ጸጉር ቆመ። የያዝኩትን ጠጠር መጣል ረሳሁ፤ እሱም አልቆጠረልኝም።

ዜማው ወጥቶ ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሰው በር ላይ ቆሞ ግቡ እስኪባል እንደሚጠብቀው። ያን ጊዜ ከደንገሉ ማዶ፣ ውኃውን ይዞ፣ የልጅቷ ድምፅ መጣ።

«ታንኳው ተሻገረ፣ ሐይቁም ረጋ ብሏል፤
ድምፅህ ደርሶኝ ነበር፣ ቃልህ ወዴት ቀርቷል።»

የዘፋኝ ድምፅ አልነበረም። የጠዋት ብርድ ያሻከረው፣ ልብስ እየመታች የደከመች ልጅ ድምፅ ነው። መጨረሻውን ግን ሳብ አድርጋ እዚያው ጊታሩ የቆመበት ቦታ አሳረፈችው። አንድ ጸጉር ታህል አልሳተችም።

አሁን የምነግርህን ልብ በል። ጊታሪስቱ ተቀበላት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ጣቶቹን አየሁ። የሰጠችውን መስመር ጊታሩ መልሶ ይለው ጀመር፤ «ታንኳው ተሻገረ» የሚለውን ከነአወራረዱ አለው። አያቶቹ ያደርጉት እንደነበረው እጁ በራሱ ተቀበለ። ከዚያ ትዝ አለው። አልበም መሆኑ ትዝ አለው። መዳፉን ክሮቹ ላይ ጥሎ ጯ አደረጋቸው።

«አበላሸችው!» ብሎ ተነሣ። «በሕይወቴ አንዴ የመጣልኝን አበላሸችብኝ!»

ከማዶ መለሰችለት። «ተቀበል እንጂ ምን ያስቆጣሃል!»

ባትሪው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። መልሶ ሊጫወተው ሞከረ፤ አልመጣለትም። ያው ተመሳሳይ ጣት፣ ያው ክር፣ ግን አልመጣለትም።

ከሰዓት እቤቴ መጥቶ ቴፑ ላይ ተቀመጠ። ከእኔ ካሴት ከገበያ ገዝቶ ወዳመጣው የራሱ ካሴት ገለበጠ። እሷ ጋ ሲደርስ የሚያጫውተውን አቆመ፤ የሚቀዳውን ግን አላቆመም። የሱ ካሴት ባዶውን እየቀዳ እሷንም፣ የገዛ ጣቶቹ የተቀበሉባትንም ቦታ የእኔን ካሴት ወደፊት በማጠንጠን አሳልፎ፣ ካለፈች በኋላ መልሶ አስጀመረው። ፊቱ ላይ ስፌት እንደሚፈታ ሰው ያለ ትኩረት ነበር። ሲጨርስ፣ «ያንን ካሴት አጥፋውና ሰርግ ቅዳበት» አለኝ።

«ካሴቱ የወንድሜ ነው፤ እሱን ጠይቄ» አልኩት። ወንድሜ ጂዳ ነው።

አንተ ቅድም ምን ነበር ያልከኝ? ስለዚህ አልበም የሚጽፉት ሰዎች ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት መሃል ላይ ያለችውን ዝምታ ነው። ድፍረት ነው ይላሉ። ሐይቁ ራሱ የሚናገርበት ቦታ ነው ይላሉ። ስንት የተማረ ሰው ቁጭ ብሎ ስለዚያች ዝምታ ጻፈ! ጨርቅ ላይ ቀዳዳ አይተው «ምን ዓይነት አቆራረጥ ነው» ብለው የሚያጨበጭቡ ሰዎች። ያ ዝምታ አንዲት ሴት የተቆረጠችበት ቦታ ነው። ሐይቁ አልተናገረም። የተናገረችው እሷ ናት።

ልጅቷ የልጆቼ እናት ሆነች።

እንዴት እንደሆነ አልዘረዝርልህም፤ እሱ የራሴ ነው። ሽማግሌ ተላከ፣ ኒካው ታሰረ፣ ያንኑ አረንጓዴ ሻሽ አስራ መጣች። እኔ ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ። እራት ላይ ዝም ስል ከማዶ ታየኝና «ተቀበል!» ትለኛለች፤ ሁለት መስመር ትወረውርልኛለች፤ ስለ ሽሮው፣ ስለ ቁልፍ ያጣ ሸሚዜ፣ ስለ እናቴ ኩርፊያ። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔም ቁጣዬን አጥፌ ወደ ኪሴ እከታለሁ። ካሴቱን ግን እንዳጫውተው አትወድም ነበር። «ተወው ያን ሰውዬ፣ ቃል አጥቶ ሞቷል» ትለኛለች። ስለዚህ ዳንቴሉ ሥር ተቀመጠ።

ትንሿ ልጃችን ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ታመመች። ደሴ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ መለሷት፤ እዚሁ ቤት አረፈች። ያን ጊዜ በኛ ቤት ስልክ የለም፣ ፎቶም ያለን የመታወቂያዋ ብቻ ነው። ፎቶ ደግሞ አይናገርም።

ያቺ ትንሽ ልጅ አሁን ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ታላላቆቿ የእናታቸውን ድምፅ ያስታውሳሉ፤ እሷ አታስታውስም። የምታውቀው እነዚያን ሁለት መስመሮች ነው። ጁምዓ ጁምዓ እየደወለች፣ «አባ፣ አጫውትልኝ» ትለኛለች። ስልኩን ቴፑ አፍ ላይ እይዝላታለሁ። ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ይቆራረጣል። የጎረቤት ልጅ በስልኩ ቀድቶ ልኮላት ነበር፤ የሰማችው ሹሹታ ነው፣ እናቷ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የምትናገር ትመስላለች አለችኝ። ቴፑም አርጅቷል። ባለፈው ክሩን በልቶ በእጄ ፈትቼ አወጣሁት፤ በእርሳስ እያዞርኩ መልሼ ጠቀለልኩት። በተጫወተ ቁጥር ድምፁ እየሳሳ ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ። ለዚህ ነው በር ላይ ሳይህ ያላባረርኩህ።

አንድ ቀን ልጄ ምን አለችኝ መሰለህ? «አባ፣ ጊታሩ እኮ ሊመልስላት ነበር። ሰምተኸዋል?»

ሰምቻለሁ አልኳት።

አሁን ደግሞ አንተ ጊታሪስቱ ሞተ ትለኛለህ። በሰው አገር፣ ዘመድ ሳይኖረው፣ ጊታሩ አልጋው ሥር እያለ። እናቱም እዚህ ከገበያው በላይ ዓይኗ መንገድ መንገድ እያየ ነው ያለፈችው፤ ያን አልበም ሰምታው አታውቅም። ቢልክላትም አንድ ቃል አታገኝበትም ነበር። ነፍስ ይማር። ምን ልበልህ? ስንቀው የኖርኩት ሰው ነው፤ በሞቱ ንቀቴን አልመልስም። ግን ያን ጠዋት ጣቶቹን አይቻለሁ።

ገና ስትገባ፣ «አሁን ያለው ማሽን ድምፅን ከድምፅ ይለያል» ብለኸኝ ነበር። «ሰው የገባበት ቦታ ካለ አወጣዋለሁ፤ ጊታሩ ብቻውን ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።» ማንን እንደምታወጣ ስለማታውቅ አልተቀየምኩህም።

እስቲ አሁን እኔ ልጠይቅህ። ጊታሩን አውጥቶ እሷን ብቻዋን ማስቀረትስ ይችላል?

ይችላል አልክ።

ቆይ። አትቸኩል።

ይህን መልስ ስንት ዓመት ስመኘው ኖሬያለሁ መሰለህ። ያ ማቃሰት ሁሉ ተጠርጎ ወጥቶ፣ እሷ ብቻ፣ ንጹሕ፣ ለልጄ። ግን እሱ ከወጣ «ቃልህ ወዴት ቀርቷል» የምትለው ማንን ነው? ባዶ ሐይቅ ላይ ቆማ ማንም ያልጠራት ሴት ትሆናለች። ሊቀበላት የጀመረው እጅም አብሮ ይወጣል። ከዚያ ቀን በኋላ እሷን የተቀበለ ሰው የለም፤ እኔም እንኳ ሁለት መስመር መልሼላት አላውቅም፤ ሳቄን ነበር የምመልስላት። ልጄም የምትሰማው ያንን ነው፤ እናቷ ስትሰጥና አንድ ሰው ሊቀበል ሲል።

ተወው። ሁለቱንም እንዳሉ ተዋቸው። ጯ ያለውንም ተወው። ውጭ ላሉት ሰዎችም ዝምታቸውን ውሰድባቸውና እሷን ስጣቸው፤ ካልወደዱ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ካሴቱ ከዚህ ጠረጴዛ አይነሣም። ማሽንህን እዚህ፣ ዓይኔ ሥር ታደርገዋለህ። ለልጄም ዛሬውኑ ትልክላታለህ። በሩን ግጠመው፣ የባጃጁ ጩኸት እንዳይገባበት። መስኮቱንም። ካውያውን ነቅዬዋለሁ።

ሰካኸው? ቀይዋ መብራት በራች? እንግዲህ እንቁራሪቱ ይመጣል፣ ደወሉ ይመጣል፣ ከዚያ እሱ ሲያቃስት ትንሽ ትታገሳለህ።

አሁን አፍህን ያዝ። እሷ ልትናገር ነው።